የኮሎኔሉ ምላስ

ባቡሩ ኩርባ ሲይዝ የጥርስ ሐኪሙ ሻምበል መስታወቱን ከሰው አፍ ያወጣል፤ ሐዲዱ ሲቃና ይመልሰዋል። ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ሲያስገባና ሲያወጣ ከመዋሉ የተነሳ፣ ባቡሩ ገና ሳያፏጭ የኩርባው መምጣት በወገቡ ይታወቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቶ የአንዱን አስር አለቃ ከንፈር በሹሉ መንጠቆ ጫረው። አስር አለቃውም «ጌታዬ፣ ጠላት ሳላይ ቆሰልኩ እኮ!» ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ በሳቅ ፈጀው።

ፉርጎው ከዘመቻው በፊት ከብት ያመላልስ ነበር። አሁን ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ፣ ወለሉ ተባይ በሚገድል ካርቦሊክ ታጥቦ፣ መሐሉ ላይ የብረት ወንበር በወፋፍራም ቡሎን ታስሮበታል። ከወንበሩ አጠገብ በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ቆሟል። ከጣሪያው የጋዝ መብራት ተንጠልጥሏል፤ ብርሃኑን ወደ አፍ እንዲመልስ ከጀርባው የቆርቆሮ ሰሃን ተገጥሞለታል። በመስኮቱ በኩል ነርሷ ለአንድ ሰው ክርን እንኳ በማትበቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ሻምበሉ የሚላትን በካርድ ላይ ትጽፋለች።

ነርሷ የሻምበሉ ሚስት ናት፤ የኮሎኔሉም ልጅ ናት። ኮሎኔሉ ደግሞ የብርጌዱ አዛዥ፣ የዚህ ረጅም ባቡር ጌታ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ፉርጎ ውስጥ ዝምድና የሚባል ነገር በአዋጅ ተከልክሏል። ባል ሚስቱን «ሲስተር» ይላታል፣ ሚስት ባሏን «ሻምበል» ትለዋለች፤ «እርስዎ» እየተባባሉ ይውሉና ማታ አንድ ብርድ ልብስ ሥር ሲገቡ ይረሱታል። አንዳንዴ ሳይረሱት ይቀሩና እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ይስቃሉ።

አዋጁን ያወጁት ኮሎኔሉ ናቸው፤ የአፍ ምርመራውንም ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዘመቻ ከጥይት ይልቅ ጥርስ ብዙ ሰው አስተኝቶባቸው ነበርና «ግንባር ሳንደርስ የማንም አፍ ሳይታይ እንዳይቀር፤ ከእኔ ጀምሮ!» አሉ። ይህን ሲሉ ወታደሩ በሰልፉ ጫፍና ጫፍ ቆሞ ነበር፤ ያልሰማ አልነበረም። ድምፃቸው መለከት አያስፈልገውም። ወታደሩ በሌሉበት «ነጎድጓድ» የሚላቸው ለዚሁ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እንደማያውቁ መስለው ደስ ይላቸዋል። ይሁንና «ከእኔ ጀምሮ» ያሉት ሰው እስከዚህ ቀን ጠዋት ድረስ የጥርስ ፉርጎውን ደጃፍ አልረገጡም።

«ቀጣይ!» አለ ሻምበሉ።

አንድ ቀጭን ወታደር ገብቶ ወንበሩ ላይ እንደ ተፈረደበት ሰው ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምች ነው ጌታዬ። ፀሐይ ላይ ዘብ ቆሜ መታኝ።»

«ስሙን አልጠየቅሁህም።» ሻምበሉ የወታደሩን አገጭ ወደ መብራቱ አዞረ። «ሲስተር፣ ይጻፉ። የታች ከንፈር፣ የቀኝ ጥግ፣ ቆዳው ከቀዩ ሥጋ የሚገናኝበት። በአንድ ላይ የተሰበሰቡ ጥቃቅን የውኃ ቋጠሮዎች፤ ገሚሶቹ ፈንድተው ቢጫ ቅርፊት ይዘዋል። ዙሪያው ቀልቷል። ሲነካ ያቃጥላል። ሰሞኑን የወጣ።»

ወታደሩ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይህ ሁሉ እኔ አፍ ላይ ነው ያለው?»

«አንተ አፍ ላይ ነው።»

«ታዲያ... ምች አይደለም?»

«ምች ነው። ግን ምች የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው።»

ሻምበሉ ይህን አሠራር የያዘው ከአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ አስተማሪው ነው። ተማሪ ሰው አፍ ውስጥ አጮልቆ ገና ስም ሲጠራ ሽማግሌው «ጨረስክ? ዓይንህ ጡረታ ወጣ?» ይለው ነበር። መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ መጠኑ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ጠርዙ፣ ሲዳሰስ ልስላሴው ወይም ጥንካሬው፣ ሲነኩት ማመሙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። ስም የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው። ስም ቶሎ የጠራ ሐኪም የቀረውን አያይም ባይ ነበር ሽማግሌው። ነርሷ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ያሰለቻት ነበር፤ አሁን ግን እራት ላይ እንኳ የሰው ፊት ስታይ በልቧ «የቀኝ ጉንጭ፣ ክብ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የለየለት» እያለች ራሷን ትይዛለች። የዘመዶቿን ማርያም ስሞሽ ሁሉ በዚህ መንገድ መዝግባ ጨርሳለች።

ቀጥሎ የገባው ጉንጩን ከውስጥ የማኘክ ልማድ ያለበት ሰው ነበር፤ በጥርሱ መግጠሚያ ልክ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። ከሱ ቀጥሎ ትኩስ ሾርባ ላንቃውን የላጠው። ከዚያ ደግሞ ድዱ ውስጥ መግል የቋጠረ አንድ መትረየስ ተኳሽ መጣ፤ እሱ የጮኸው ጩኸት ሦስት ፉርጎ አልፎ ተሰማ።

መትረየስ ተኳሹ ጉንጩን ይዞ ሲወጣ ደጅ ላይ የነበረው ወሬ ድንገት ቀጥ አለ። ተራ ጠባቂው ሁሉ በግድግዳው ተለጠፈ። ኮሎኔሉ ገቡ።

«ጆሮዬ ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ስውጥ ግራ ጆሮዬን ይወጋኛል። ዋናውን ሐኪም ባሳየው፣ ጆሮዎ ከእኔ ጆሮ ይጠራል፣ ምናልባት ጥርስ ይሆናል አለኝ። እኔ መቼም ጥርስ በጆሮ በኩል ሲያም ሰምቼ አላውቅም። ግን ይኸው መጣሁ። ቶሎ በል፤ ቀትር ላይ መገናኛው ጣቢያ እንደርሳለን፣ ብዙ ሥራ አለኝ።»

«ይቀመጡ ጌታዬ ኮሎኔል» አለ ሻምበሉ። እጁን ሲታጠብ ከወትሮው ረዘም አድርጎ እንደታጠበ ሚስቱ አየች። አማቱ ናቸው። ልጃቸውን ሲጠይቃቸው «ጥርስ ነቃይ ነው አሉ?» ብለው፣ ከዚያ ወዲያ የፈቀዱበትን ቃል እንኳ በወጉ አልተናገሩለትም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ ነው ልጃቸውን የሰጡት።

ነርሷ ብዕሯን አነሳች። ከዚህ ሰው ጋር ትናንት እራት በልታለች። ደረቁን ብስኩት ሻይ ውስጥ ነክረው ሲበሉ፣ በቀኝ መንጋጋቸው ብቻ ሲያኝኩ፣ ምራቃቸውን ሲውጡ ግራ ዓይናቸው ጨፈን ሲል አይታለች። ምን ሆኑ ብላ ብትጠይቅ «ዕድሜ ነው» አሏት። ዕድሜ በአንድ በኩል ብቻ አይመጣም ብላ አስባ ነበር፤ አልተናገረችም።

ምርመራው በወጉ ሄደ። ከንፈር፣ ደህና። ጉንጭ በቀኝም በግራም፣ ደህና። ላንቃ፣ ከትምባሆ የተነሳ ነጣ ብሎ ቀያይ ነጠብጣብ ያለበት፤ ሻምበሉ ይህን ሲያጽፍ ኮሎኔሉ አፋቸውን እንደከፈቱ በዓይናቸው ገሠጹት። ከዚያ ምላስ መጣ፤ የፉርጎው ትልቁ ችግርም መጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የተራ ወታደር ምላስ በጎዝ ጨርቅ ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጎተታል፤ ከጎንና ከሥር የሚደበቀው ነገር የሚታየው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ከሻለቃ በላይ የሆነ መኮንን ግን ጎዙ በሰሃን ይቀርብለትና ምላሱን ራሱ ይይዛል። ይህ የትም አልተጻፈም። የአለቃን ምላስ መያዝ አለቃን ዝም ማሰኘት ነውና ማንም አልደፈረውም፣ እንደዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። የአማት ሲሆንማ አያድርስ ነው።

ሰሃኑ ቀረበ። ኮሎኔሉ ጎዙን አንስተው ምላሳቸውን ፊት ለፊት ሳብ አደረጉና መልሰው አስገቡት።

«ይኸው። ምላስ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። «ምላስ...» ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ደህና ሊል ነው። እሷ ግን የምታየው ሰሃኑን ነበር። ኮሎኔሉ በመለሱት ጎዝ ላይ ከግራ በኩል ቀጭን ደም ተሰምሮበታል።

«ሻምበል፣ የግራው ጎን አልታየም» አለች።

ኮሎኔሉ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጠረጴዛዋ አዞሩ።

«ሲስተር የተባለችውን ትጽፋለች።»

«ያልታየ ነገር አልጽፍም፣ ጌታዬ ኮሎኔል።» ብዕሯን ከካርዱ ላይ አነሳች።

ባልና ሚስት ተያዩ። ሻምበሉ አዲስ ጎዝ አነሳ። «በፈቃድዎ ጌታዬ፣ እኔ ልያዘው።»

«ባልፈቅድስ?»

«የማንም አፍ ሳይታይ እንዳይቀር ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ኮሎኔሉ በአፍንጫቸው ሳቁ። «እሺ፣ ሳብ። የእናቷ ጆሮ ግን እንዳይደርስ። ምላሴን የሚይዝልኝ ሰው ስትፈልግ ሠላሳ ዓመት ኖራለች።»

ሻምበሉ ያዘው። ወደ ቀኝ ሳበው። መስታወቱን ከጎን አስገባ። ባቡሩ ኩርባ ያዘ፤ መስታወቱን አወጣ፣ ምላሱን ግን አልለቀቀም። ሐዲዱ ተቃና፤ መለሰው። ሲናገር ድምፁ የወታደሩን ምች ሲያጽፍ እንደነበረው ነው። ሚስቱን ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ይህ ሰው ሲጨነቅ ድምፁ ይስተካከላል።

«ምላስ። የግራ ጠርዝ፣ ወደ ኋላ፣ ከታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ትይዩ። አንድ ቁስል። ርዝመቱ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር፣ ወርዱ አሥር። መሐሉ የጎደጎደ፣ ግራጫ ነገር የለበሰ። ጠርዙ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የተገለበጠ። ከቁስሉ ፊት ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ልጥፍ፤ ነጩ በጎዝ ሲጠረግ አይለቅም።» አንድ ጣቱን አስገባ። «ሲዳሰስ ይደማል። ሥሩ...» አለና ቆመ።

ብዕሯ ካርዱ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«ሥሩ ጠንካራ ነው። ጥንካሬው ከቁስሉ ዳር አልፎ ይሄዳል።»

ጻፈችው። ነርስ ናት፤ ልስልስ ያለ ቁስልና ሥሩ የደደረ ቁስል አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለች። ፊደሎቿ ግን ቀጥ ብለው ተሰለፉ፤ አባቷ ያሳደጓት እንዲያ ነው።

ሻምበሉ መስታወቱን ትንሽ ዘወር አደረገና ድንገት ትንፋሽ አገኘ። «ቆይ፣ ቆይ! ትይዩ ያለው መንጋጋ ተሰብሯል! ገሚሱ የለም። እንግዲህ ይህ የተሰበረ ጥርስ ነው ምላሱን ሲፍቅ የኖረው። ጌታዬ፣ ሹሉን ሞርደን እናለሰልሰዋለን፤ ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ከጥርስ የመጣ ቁስል ጥርሱ ከታረመ ከዚያ በላይ አይቆይም፣ ይሽራል። ሲስተር፣ ይጻፉ፣ ከተሰበረ ጥርስ የመጣ...»

በዚህ ፉርጎ ውስጥ ስም ከመግለጫው ቀድሞ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሷም አላረመችውም። በደስታ ቶሎ ቶሎ ጻፈችው። ሹሉ የቱ ጋ እንደሆነ ለማጻፍ ሻምበሉ ጣቱን በጥርሱ ስብራት ላይ አሳለፈ። መልሶ አሳለፈ፤ ሹል የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ጣቱን አወጣና በጨርቅ ጠረገው።

«ጌታዬ ኮሎኔል፣ ይህን ጥርስ ማነው የሞረደው?»

ኮሎኔሉ ምላሳቸውን አስገቡ። ጀግናው ሰውዬ እስከ አንገታቸው ቀሉ። «መሣሪያ ጠጋኙ» አሉ።

«ማን?»

«መሣሪያ ጠጋኙ! ሃምሳ አለቃው! ምን ይደረግ? ምላሴን ቢወጋኝ ሞረድ ያለው ሰው ጠራሁ። አማቼ ፊት አፌን ከፍቼ ልንጋለል ኖሯል?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ነርሷ ከወንበሯ እስክትወድቅ በሳቀች። መሣሪያ ጠጋኙ ከጠመንጃ ፉርጎው ተጠርቶ መጣ፤ ሽርጡ ቅባት በቅባት የሆነ፣ እጁ ሰፋፊ ሰው ነው። ለምን እንደተጠራ ሲነገረው ሥራው ሊመሰገን መስሎት ፊቱ በራ።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። በመጀመሪያ በመካከለኛው ሞረድ፣ ማለስለሻውን ደግሞ በቀጭኑ። የመቀርቀሪያ ምላስ ነው ያስመሰልኩት። ቢዳሰስ ክር አይዝም።»

«አይዝም» አለ ሻምበሉ። «መቼ ነበር?»

«ገና ካምፕ ሳለን ነዋ። አዲሶቹ ጠመንጃዎች ከመምጣታቸው በፊት።»

ጠመንጃዎቹ ከመጡ ወዲህ ብርጌዱ ተኩስ ተለማምዷል፣ ተመርቋል፣ ድንኳኑን ነቅሎ ጭኗል። ከወር በላይ ነው፤ ይህን ለማስላት ማንም ጣቱን መቁጠር አላስፈለገውም።

«ያኔ ምላሳቸው ላይ ያየኸው ነገር ነበር?»

«ነበረች ጌታዬ። ትንሽ ቁስል፣ የምስር ታህል። ጥርሱ ከለሰለሰ ትሽራለች ብያቸው ነበር።» ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። «አልሻረችም እንዴ?»

«ሥራህ ጥሩ ነው፤ ሂድ» አለው ሻምበሉ። ሰውየው ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

ሻምበሉ ያስጻፈውን ምክንያት መሰረዝ ነበረበት። ነርሷ ራሷ ሰረዘችው። ጥርሱ ከተስተካከለ ሁለት ሳምንት ጠብቀን እናያለን የሚባለው ነገር ሳይታወቅ ተጠብቋል፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተጠብቋል። አባቷ ከአማቻቸው ለመደበቅ ሲሉ የሐኪሙን ፈተና በራሳቸው ላይ ፈትነው፣ መልሱን አፋቸው ውስጥ ይዘው መጥተዋል።

ኮሎኔሉ የሁለቱን ፊት ሲያዩ ቆዩና ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በወጣትነታቸው ለብዙ ዓመታት ጠላትን ቀድሞ የሚያይ ቃፊር አሠልጥነዋል፤ ከቃፊር የሚፈልጉት ያየውን ብቻ ነው፣ የመሰለውን አይደለም።

«ሪፖርት አድርግ» አሉ። «የቱ ጋ ነው ያለው?»

«ግራ ጠርዝ ላይ፣ ጌታዬ።»

«ስፋቱን ሰማሁ። እያደገ ነው?»

«ምስር የነበረው ነው እዚህ የደረሰው።»

«ቦታውን ለቆ ሄዷል?»

ሻምበሉ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ በሁለት እጁ ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ድረስ ጣቶቹን እያንሸራተተ ዳበሰ። እዚያ ላይ ቸኩሎ አያውቅም፤ ያን ዕለት ደግሞ ይበልጥ ቆየ።

«ንፍፊት አላገኘሁም። ጣቴ የሚያገኘው እስከሆነ ድረስ፣ ገና ቦታው ላይ ነው።»

«ጆሮዬስ?»

«ጆሮዎ ደህና ነው። ሕመሙ የምላስዎ ነው፤ ነርቩ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ጆሮ ላይ ይሰማዎታል።»

«ስሙን ንገረኝ።»

«ስሙን የሚናገረው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ቆርሶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፣ ከዚያ...»

«ቀዶ ሐኪሙን አልጠየቅሁም፤ አንተን ነው የጠየቅሁት።»

ሻምበሉ መስታወቱን በጨርቅ ጠረገ። ፈርቶ አልነበረም፤ ያስተማረው ሽማግሌ ስም ቶሎ እንዳይጠራ ይዞት ነበር። ከጠረጴዛው በኩል ድምፅ መጣ።

«ነቀርሳ ይመስላል፣ አባዬ።»

ያን ቃል የተናገረችው ሳይነገር እንዳይቀር ከመፍራቷ የተነሳ ነው። ካልተነገራቸው አባቷ ከዚህ ወንበር ወርደው ወደ ካርታቸው እንደሚመለሱ ታውቃለች። ኮሎኔሉ ስለ ዝምድናው አዋጅ አላነሱም።

«የሚቆረጥ ነው?»

«አዎ። ከምላስዎ ሲሶው፣ ምናልባት ትንሽ በለጥ ያለ» አለ ሻምበሉ። «አሁን ከሆነ ተስፋ አለው። አንገትዎ ንጹሕ ሆኖ ሳለ።»

«ከዚያ በኋላ እናገራለሁ?»

«ይናገራሉ። መጀመሪያ ይከብድዎታል፣ ቆይቶ ሰው ይሰማዎታል።»

«ሰው አላልኩህም። ብርጌድ ይሰማኛል?»

ሻምበሉ ለመዋሸት በቂ ጊዜ ነበረው። «አይሰማዎትም ጌታዬ» አለ።

ኮሎኔሉ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከደጅ አጥርና የስልክ እንጨት እያለፈ ነው። ዘመቻው አጭር ነው፣ ሁለት ወር ቢፈጅ ነው፣ ከዘመቻው መልስ ቢሆንስ አሉ። ሻምበሉ ከዘመቻው መልስ ምላሱ ላይ ብቻ አያገኘውም አለ። ሞርፊን ይዘህልኛል አሉ። ይዣለሁ፣ ሞርፊን ግን ሕመሙን እንጂ ነቀርሳውን አያቆመውም አለ። ምክትሌ ሻለቃው ካርታ ከእኔ ይልቅ ያነባል አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፤ ድምፅ ብቻ የለውም፣ እንደታነቀ ዶሮ ነው የሚጮኸው።

«አባዬ» አለች ልጃቸው፤ ብዕሯን አስቀምጣለች። «ቃፊሩ ያየውን ሁሉ ነግሮት፣ እንዳልሰማ ሆኖ የሚቀጥል መኮንን ምን ይደረጋል?»

ኮሎኔሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱ። «ማዕረጉን እገፈዋለሁ።» ከዚያ ዞሩ፤ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፣ አልደበቁትም። «እናትሽን ነው የወጣሽው። እሷም ስትጠይቅ መልሱን ይዛ ነው።»

መገናኛው ጣቢያ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባር ይሄዳል፣ በሌላው ቀይ መስቀል የተቀባ የበሽተኛ ባቡር ወደ ዋናው ከተማ ይመለሳል። የበሽተኛው ባቡር መስመሩ ላይ ቆሞ መነሻ ሰዓቱን እየጠበቀ ነበር። ኮሎኔሉ ሻለቃውን አስጠርተው በጥቂት ቃላት አዛዥነቱን አስረከቡት። ከዚያ ብርጌዱ በሙሉ ወርዶ ጣቢያው ላይ እንዲሰለፍ አዘዙ።

ወታደሩ አጉረመረመ። ለምሳ ቆርቆሮ እየከፈተ ነበር የተነሳው፤ በዚያ ሐሩር ሰልፍ ምን ይሉታል? ኮሎኔሉ እዚህ የሚቀሩት ጠቅላይ መምሪያ ለምክር ጠርቷቸው ነው የሚል ወሬ ከአንድ ፉርጎ ተነስቶ ሰልፉ ጫፍ ሲደርስ ሹመት ሆኖ ነበር። ኮሎኔሉ ንግግር አላደረጉም። ሰልፉ መሐል ፊት ለፊት ቆመው ሳንባቸውን ሞሉ።

«ብርጌድ፣ ተጠን... ቀቅ!»

የውኃ ማማው ላይ የነበሩ እርግቦች አንድ ላይ ተነሱ። ተረከዝ ለተረከዝ የተጋጨው ድምፅ ከአንድ ሰው የመጣ ይመስል ነበር። ነርሷ ከፉርጎው በር ላይ ሆና፣ ይህ ሁሉ ሰው ይህን ድምፅ ሌላ ቀን እንደሚሰማ እርግጠኛ ሆኖ መቆሙን አየች። ኮሎኔሉ አሳረፉ፣ መልሰው አስጠነቀቁ፣ ቀኝ አዞሩ፣ ግራ አዞሩ፤ ምልምል ወታደር እንደሚያለማምድ አስር አለቃ። በመጨረሻ «ወደ ፉርጎ!» አሉ፤ ወታደሩም እያማ ተበተነ።

ሻምበሉ ሊሰናበት መጥቶ ሰላምታ ሰጠ። ኮሎኔሉ የሰላምታ እጁን ያዙና አወረዱት፤ ስበውም ትከሻውን ሳሙት።

«አንተ ጥርስ ነቃይ» አሉት። «ደህና አየህ።»

ከዚያ አባትና ልጅ ከጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ ከብርጌዱ ጋር ትሄዳለች፤ ገና ያልታየ ብዙ አፍ አለና። የቀራቸው ጊዜ የወታደሩ ባቡር ውኃ ቀድቶ እስኪጨርስ ነው።

«አባዬ፣ ያውሩልኝ» አለች።

«ምን ላውራ?»

«ዝም ብለው ያውሩ። የመጣልዎትን።»

ኮሎኔሉ ትእዛዝ እንጂ ወሬ አይሆንላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስለ ጓሮው በር ጀመሩ፤ ስለዚያ ሲጢጥ እያለ ሰፈሩን ስለሚቀሰቅሰው። እናቷ በየዓመቱ ዘይት ይቀቡልኝ ስትላቸው በየዓመቱ ነገ ይላሉ። አንድ ጊዜ አምሽተው ሲገቡ በሩ እንዳያሳጣቸው ብለው በአጥር ዘለው፣ ሱሪያቸው ተይዞ እስኪነጋ እንደተንጠለጠሉ፣ ጎረቤት እንዳወረዳቸው አወሩላት። ይህን ከዚያ ጎረቤት በቀር ማንም አያውቅም አሉ። እሷ ሳቀች፤ ግን የምትሰማው ታሪኩን አልነበረም። ድምፁ ደረታቸው ውስጥ ሲንከባለል፣ ቃሉ ጥርሳቸው ጋ ሲደርስ ተቆርጦ ሲወድቅ፣ ያንን ነው የምትሰማው።

ባቡሩ አፏጨ። ኮሎኔሉ አላቋረጡም። ጉልበታቸውን ስማ ሮጣ ፉርጎዋ ላይ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጎማው መዞር ጀመረ። እሳቸውም ከአግዳሚው ተነስተው፣ ታሪኩ ስላላለቀ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉላት።

«እናትሽ እስከዛሬ ሌባ ነበር ነው የምትል!»

ወታደሮቹ በየመስኮቱ ብቅ ብለው፣ ነጎድጓድ ስለ ጓሮ በር ሲጮኹ ሰምተው እርስ በእርስ ተያዩ። ባቡሩ ፈጠነ። የውኃ ማማው አለፈ፣ የጣቢያው መጨረሻ አለፈ፤ ድምፃቸው አሁንም ከባቡሩ ጩኸት በላይ እየመጣ ነበር፣ አንዷ ቃል እንኳ ሳትጎድል።

«ቤት ስገባ እኔው ነኝ ዘይት የምቀባው! እኔው ራሴ!»

«እሺ!» ብላ ጮኸች እሷም፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ። የእሷ ድምፅ ግን እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።